ጆሮ ዳባ ልበስ

በሌላው አገር «ጆሮ ዳባ ልበስ» ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው የሚወቀስበት አባባል ነው። እኛ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ግን የአየር ጠባይ ነው። ከተማችን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ከጓሳ በኩል የሚመጣውን ነፋስ ፊት ለፊት ትቀበላለች። ጠዋት ከቤት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሸፍነው ጆሮውን ነው፤ ጋቢ ያለው በጋቢ፣ ባና ያለው በባና፣ በርኖስ ያለው በበርኖስ። ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ «እ?» በሚባባልበት ከተማ ጆሮው የደከመ ሰው ቶሎ አይነቃበትም። እኔም ስንት ዓመት ሳይነቃብኝ እንደኖርኩ እንጃ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጣ ነው እንዳልል፣ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማን ይመልስለታል?» ማለት የጀመርኩት ጡረታዬ ገና ብዙ ሲቀረው ነው።

የነቃችብኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን ለምሳ ስቀመጥ «ሽሮ ነው ያለው» አለችኝ። «ደግሞ ጆሮዬ ምን ሆነ?» ብዬ ተቆጣሁ። ማንኪያዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝ። ጥርጣሬዋን ለልጃችን በስልክ የነገረቻት ያን ለት ማታ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

የባሰው በመጋቢት የመጣው ነው። የእድራችን ጸሐፊ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ እኔ ላይ ስብሰባ አለ፤ እንዳይቀሩ» አለኝ። ሰውዬው ለምን በራሱ ላይ ስብሰባ ይጠራል? ቤቴ ገብቼ ሳሰላስል «እኔ» ያለው እኔን መሆን አለበት የሚል መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። ደፋር ነው፤ በእኔ ላይ ስብሰባ ጠርቶ እንዳልቀር ይለምነኛል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳሁት። ሰውዬው ያለኝ ለካ «ሰኔ ላይ ስብሰባ አለ» ነው።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ አዲስ አበባ አስጠራችኝ። አንገት በላይ ሐኪሙ መጀመሪያ በባትሪ መብራት ጆሮዬን አየና «ኩክ ሞልቶታል» ብሎ አጠበልኝ። እንግሊዝኛ ኩክንም ሰምንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እኛን መንዞችን አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ባህል ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ሰምና ወርቅ» ነው። ርእሱን በቅጡ የተረዳሁለት ገና ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ሰሙን ካወጣልኝ በኋላ የሚያስፈልገኝን የመስሚያ መሣሪያ ዋጋ ነገረኝ፤ የወርቅ ነበር።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ፈተና አለ። ድምፅ የማታስገባ ሳጥን የምታህል ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ» አሉኝ። አርባ ዓመት ፈታኝ ሆኜ አሁን ተፈታኝ ሆንኩ፤ መውደቅ ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ሰማሁም አልሰማሁም እጫናለሁ። ባለሙያዋ በመስታወቱ በኩል ጣቷን ነቀነቀችብኝ። «አባባ፣ አሁን እኮ ምንም ድምፅ አልላክሁም።» ስኮርጅ ተይዤ አላውቅም ነበር።

ውጤቱ በወረቀት ወጣ። መስመሩ በወፍራሞቹ ድምፆች በኩል ደልዳላ ሆኖ ይሄድና ወደ ቀጫጭኖቹ ሲጠጋ ድንገት ይዘቀዝቃል። «ይቺን መንገድ አውቃታለሁ፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ናት» አልኳት። ሳቀችና አስረዳችኝ። ተራ ጨዋታ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ አናባቢዎቹ ወፍራምና ብርቱ ስለሆኑ ይደርሱኛል። ቀጭኖቹ ተነባቢዎች፣ እነ ሰ፣ እነ ሸ፣ እነ ፈ ግን ገደሉ ውስጥ ይቀራሉ። አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው። «ሰኔ» ሰ-ዋን ገደል ከጣለች የሚተርፈው «እኔ» ነው! ሰው ሲጮህብኝ ለምን እንደማይረዳኝም ታወቀ። ጩኸት የሚያሳድገው አናባቢውን ነው። ጎረቤቶቼ ስንት ዓመት «ኧ! ኦ! ኢ!» እያሉ ሲደክሙልኝ ኖረዋል፤ ይቅር ይበሉኝ።

ምርጫው ላይ ከልጄ ጋር ተጋጨን። እሷ ጆሮ ውስጥ ጠልቃ የምትቀበር፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል መሣሪያ ወደደች። «አባዬ፣ ማንም አያይብህም» አለችኝ። ባለሙያዋ ደግሞ ፍሬዋን መዳፌ ላይ አስቀምጣ «እስቲ ባትሪዋን አውጥተው ይመልሱ» አለችኝ። ጠመኔና ዶማ ያደነደነው ጣት ሽንብራ አይፈለቅቅም። ፍሬዋ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሦስተኛ ጊዜ ሦስታችንም ጠረጴዛ ስር ተንበርክከን ፈለግናት። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን፣ ጉልበቱም ባትሪውም ከፍ ያለውን መረጥኩ። የቀረው ቀለም ነው። «የማይታይ» የሚሉት ቀለም ለካ የፈረንጅ ቆዳ ቀለም ነው፤ እኔ ላይ ሲሆን ጆሮዬ ላይ ማስቲካ ለጥፌ የረሳሁ አስመሰለኝ። ጥቁሩን ያዝኩ። ለጆሮዬ ቅርጽ ሊጥ የመሰለ ነገር ጨምረው፣ ሲደርቅ አውጥተው፣ በልኬ መሰኪያ ሠሩልኝ። የሁለቱን ጆሮ ዋጋ በብር አልናገርም፤ በመንዝ በግ ሳሰላው ግን አንድ ጉሮኖ ባዶ ይቀራል።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሳንቀላፋ ቆይቼ ባነበብኩት ነገር ራሴን አጽናናሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው መስማት በልዩ ልዩ መጠን ይደክመዋል፤ 430 ሚሊዮኑ ድጋፍ የሚያሻው ነው። የመስማት ቀን የሚሉትንም በየዓመቱ ማርች 3 ያከብራሉ፤ በኛ የካቲት 24፣ የዓድዋ ማግስት። መድፉ በ23 ይተኮሳል፣ ጆሮ በ24 ይታሰባል፤ ቅደም ተከተሉን የሠራው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ትራንዚስተር የሚባለውም ነገር፣ አባቶቻችን ሬዲዮኑን ራሱን የሚጠሩበት፣ በ1952 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መጀመሪያ ገበያ የወጣው በጆሮ መሣሪያ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ሬዲዮ የደረሰው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረው ደግሞ ጡሩንባ ነው። ቤትሆቨን ሳይቀር ጆሮው ሲከዳው ጡሩንባ አሠርቶ ጠባቡን አፍ ጆሮው ውስጥ ይሰካ ነበር። እኛ አገር ጡሩንባ የእድር ነው፤ ሌሊት ተነፍቶ ሞት ያስለፍፋል። እነሱ በጆሮ እኛ በአፍ ማለት ነው። ይቺን ጡሩንባ ያዙልኝ፣ ትመለሳለች።

መሐል ሜዳ ስወርድ የጠበቀኝ ነፋሱ ነው። መሣሪያው ነፋስና ሰው አይለይም፤ መናኸሪያው መሐል ቆሜ አይሱዙ የመጣብኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዘለልኩ። ቤት ገብቼ ቆሎ ቆረጠምኩ። የገብስ ቆሎ በመሣሪያ ሲቆረጠም የዱቄት ወፍጮ ራስ ቅል ውስጥ ተተክሎ የሚሠራ ይመስላል፤ ሚስቴ የምትለውን ለመስማት ማኘክ ማቆም ነበረብኝ። የራሴ ድምፅ ደግሞ ከበርሜል ውስጥ ይመጣል። ብርዱ ሲጠነክር እንደ ልማዴ ጋቢዬን ወደ ጆሮዬ ሳብ አደረግሁ። ያኔ ነው «ፊ-ይ-ይ-ይ» ብሎ የጮኸው። ውሻችን ከደጅ እየሮጠ ገባ።

ነገሩ ቀላል ነው ይላሉ። ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ በጋቢው ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ያም እንደገና አጉልቶ ያወጣዋል፤ ሠርግ ቤት ማይክራፎን ስፒከር አጠገብ ሲቆም የሚጮኸው ጩኸት መሆኑ ነው። መሣሪያውን የፈጠረው ሰው ሞቃት አገር የሚኖር ይመስለኛል። እንግዲህ ለመስማት ጆሮ መግለጥ፣ ላለመበረድ ጆሮ መሸፈን፤ የመንዝ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ጆሮዬ ዳባ መልበስ ተከለከለ።

አጠባበቁማ ገዳም ነው። ማታ ማታ ይወጣል፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ኩኩ በቁራጭ ብሩሽ ይራገፋል፤ የባትሪው በር ተከፍቶ እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ያለችበት ቆርቆሮ ውስጥ ያድራል። ጆሮ ሲያመን ለብ ያለ ቅቤ ጠብ ማድረግ ለምደን ነበር፤ ሐኪሙ «ጆሮ መጥበሻ አይደለም» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ውሃ አይነካውም፤ ጠበልም ቢሆን። እሑድ የነፍስ አባቴ ጠበል ሲረጩ ሁለት ጆሮዬን ጨብጬ ወደ ኋላ ስሸሽ አንዲት እናት «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። የሰማኋቸው በመሣሪያው ነው። ጸጥ ባለ ቤተ ክርስቲያን «ሰይጣን የለብኝም፣ ባትሪ ነው» ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ባትሪውስ? ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሱቅ ሄጄ የባትሪ ድንጋይ ጠየቅሁ። ልጁ ትልልቁን ድንጋይ ደረደረና «የምን ሬዲዮ ነው?» አለኝ። «የራሴ» አልኩት፤ ሰምና ወርቅ ያለፈው ትውልድ ነውና ዝም ብሎ አየኝ። ስለዚህ ልጄ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ረዳት ትልክልኛለች። በጀርባዋ ብርቱካናማ ወረቀት ተለጥፎባታል፤ ወረቀቷ ሲነሳ በቀዳዳዎቿ አየር ትስባለች፣ በዚያ ትሠራለች። ባትሪዋ ትተነፍሳለች! እኛ ከፍታ ላይ ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ኦክስጂን ወደ ሲሶ የሚጠጋው ይጎድላል፤ ብርዱም አይስማማትም። ወደ ደጋ እንደመጣ ቆለኛ ቶሎ ትደክማለች። ወረቀቷ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ሥራ ኖራትም አልኖራት ማለቋ አይቀርም።

ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ አታውቅም። በግንቦት ከአያቷ ጋር አራስ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ከመሄዷ በፊት የአንድ ካርድ ስድስት ባትሪ ወረቀት አንድ በአንድ ልጣ ደብተሯ ላይ ብርቱካናማ አበባ ሠርታበታለች። እውነቱን ለመናገር አበባው ያምራል። ስድስቱም ባትሪ ባንድ ላይ ሞተ፤ እኔም ካርዱ እስኪላክልኝ አሥር ቀን ወደ ድሮ ዓለሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በፊት በሰማሁባቸው ሳምንታት ግን አንድ ነገር ለማጣራት ሞክሬያለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰዎች ፊቴ እየተንሾካሾኩ ሲስቁ እኔን የሚያሙ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን ጋቢ ሳልደርብ ከፍቼ፣ ፊቴን እንደ ደንቆሮ አደንዝዤ ቡና ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ገብስ ዋጋ አወሩ። ስለ በግ ሳል አወሩ። ስለ አንዲት የጠፋች ድስት ግማሽ ሰዓት አወሩ። ጠላ ቤትም ሄድኩ፣ ለቅሶ ቤትም ተቀመጥኩ። እኔን የሚያነሳ አንድ ሰው የለም! ለካ የጎደሉትን ተነባቢዎች ሁሉ እኔ ነኝ በራሴ ስም ስሞላቸው የኖርኩት። አሥር ዓመት የከተማው ሐሜት ማእከል ነኝ ብዬ ኖሬ አንዲት ድስት በለጠችኝ። ሐቁን ልናገርና፣ ቅር ብሎኛል። ለእድሩ ጸሐፊ ግን ሄጄ እጁን ጨብጬ ሰላም አልኩት፤ ለምን እንደተኳረፍን ስለማያውቅ ግራ ተጋብቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ሰኔ ደረሰ፣ ስብሰባውም ደረሰ። አዲስ ባትሪ አስገብቼ፣ ወረቀቷን ልጬ፣ እንደታዘዝኩት አንድ ደቂቃ አየር አስወስጃት ሄድኩ። ድንኳኑ በየት ይቀመጥ፣ ድስት ማን ይቁጠር፣ ሰ-ው ሳይቀር ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የእድሩ ዳኛ አጠገብ በኩራት ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የቅጣት ስም ማንበብ ጀመረ። ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ደንባችን ነው፣ ሲረቀቅ እጄን አውጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። በግንቦት፣ ባትሪዎቹ በሞቱበት ሳምንት፣ ሌሊት ጡሩንባ ተነፍቶ ኖሯል። ጎረቤቶቼም ሲያልፉ በሬን ደብድበው ደብድበው ትተውኝ ሄደዋል። ሚስት የለች፣ የልጅ ልጅ የለች፣ ባትሪ የለ። ጸሐፊው ቀኑን አነበበ፣ የሟቹን ስም አነበበ፣ የቅጣቱን ብር አነበበ። ከዚያም ቀና ብሎ በዚያው ቅን ድምፁ «ቲቸር፣ ሰምተውኛል?» አለኝ።

በመጋቢት ጆሮዬ የነገረኝ እኮ እውነት ነው። እኔ ላይ ስብሰባ ነበረ።

መንዜ ሲጨንቀው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የጋቢዬን ጫፍ ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ጆሮዬ ሳብኩት።

«ፊ-ይ-ይ-ይ!»

የስብሰባው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛው ጆሮዬን አየ፣ ጋቢዬን አየ፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዘንበል ብሎ «ሰምተዋል፤ መዝግብ» አለው።