ደንበኛን በፊደል ማባረሪያ

ገንዘብ የሚያስተላልፍ የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ደንበኛን ማባረር ብዙዎች እንደሚፈሩት ከባድ ሥራ አይደለም። ኮሚሽን መቆለል፣ ኔትወርክ ማቋረጥ፣ በስልክ ሙዚቃ እያሰሙ ማስጠበቅ ሁሉም ወሬ ያስነሳል፤ አቤቱታም ያመጣል። ፊደል ማበላሸት ግን ከሳሽ የለውም። ክፍያ የበዛበት ሰው ድርጅቱን ይረግማል፤ ጽሑፉ አልነበብ ያለው ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። «ዓይኔ ደክሟል» ይላል፤ «ይኼ ለተማረ ነው» ይላል፤ ስልኩን ኪሱ ከቶ ብሩን እንደ ድሮው በእጁ ይቆጥራል። የተከበሩ ዲዛይነር፣ የሚሹት ይህንኑ ከሆነ ምክሩ በነጻ ነው። መሞከሪያ ቦታ ካስፈለገዎ ጊንጪ ትመቻለች። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ጥቁር አፈሯ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል፤ እህሉ ገበያ ይወጣል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በስልክ መላክ የባንክ ደብተር ላልነበረውም ሰው የሚቻል ሆኗል። ከሁሉ በላይ ግን የጊንጪ ሰው ሁለት ጽሕፈት ባንድ ጊዜ ያያል፤ ታፔላው ላይ ከላይ ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ላቲን)፣ ከሥሩ ፊደል። ሁለት ጽሕፈት ባለበት የማበላሻው በርም ሁለት ነው።

ሥራውን በእንግሊዝኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ይጨርሱ። ቁልፎቹን፣ ክፍተቱን፣ የመስመሩን ቁመት በላቲን ሆሄ ለክተው ካጸደቁ በኋላ ቃላቱን ለተርጓሚ በኤክሴል ይላኩ፤ የመጣውን አማርኛና አፋን ኦሮሞ እዚያው ሳጥን ውስጥ ያፍስሱት። ፎንቱ የድርጅቱ መለያ የሆነ፣ ከውጭ በውድ የተገዛ፣ የኛን ፊደል ግን ጨርሶ የማያውቅ ይሁን። ስልኩ ጨዋ ስለሆነ አያሳፍርዎትም፤ የጎደለውን ፊደል ከራሱ ጓዳ ያመጣል። ውጤቱም ባንድ መስመር ላይ ቁጥሩ ከአንድ ፎንት፣ ቃሉ ከሌላ ፎንት መሆኑ ነው፤ 5,000 የሚለው ቀጭን፣ «ብር» የሚለው ወፍራም፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። የላቲን ትንንሽ ሆሄያት አብዛኞቹ ዝቅ ብለው የሚቀመጡ ስለሆኑ በመስመርና በመስመር መካከል ራሳቸው አየር ይተዋሉ። ፊደል ግን ቁመቱን ሞልቶ የሚቆም ነው፤ ምልክቱም ከራሱ፣ ከወገቡም፣ ከእግሩም ይወጣል። ለላቲን የተለካ የመስመር ክፍተት ያፋፍገዋል። የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን መስመር ራስ ሲረግጥ ካዩ መንገዱን አልሳቱም። ርዕሱ በካፒታል እንዲጮህ ያወጡት መመሪያም አማርኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው ርዕስና ዝርዝር መንታ ሆነው ይቀራሉ። ኢታሊክ ካዘዙ ማሽኑ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያዘነብለዋል እንጂ የተሳለ ኢታሊክ የሚያገኝበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። የብራና ጸሐፊዎች አንድን ስም ወይም መክፈቻ ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ፊደሉን አላጋደሉም፤ በቀይ ቀለም ጻፉት። እርስዎ ቀዩን «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ለሚለው ይቆጥቡት።

ቦታ ሲጠብ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ቆርጠው ሦስት ነጥብ ያድርጉበት። ይህኛው ከምክሮቹ ሁሉ ይበልጣልና ትንሽ እንቆይበት። እንግሊዝኛ ግሱን ቀደም አድርጎ ስለሚናገር ጅራቱ ቢቆረጥም ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገባል። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግሳቸውን የሚያሳርፉት መጨረሻ ላይ ነው። «የላኩት 5,000 ብር ለተቀባዩ…» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ ደረሰ ይሁን አልደረሰ፣ ተመለሰ ይሁን ታገደ፣ ሁሉም ከተቆረጠው ጅራት ጋር ሄዷል። ገዢው «ልኬያለሁ» ይላል። ሻጩ ኩንታሉን ይልቀቅ ወይስ ይያዝ? ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ሦስት ነጥብ ያሳየዋል። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ሆነው ሳለ ባንዲት ጠባብ ሳጥን የተነሳ ይጣላሉ። መልእክቱ በሁለት መስመር እንዲያርፍ መፍቀድ፣ አለዚያም «ደርሷል፦ 5,000 ብር» ብሎ ግሱን ወደ ፊት ማምጣት ጠቡን ያስቀረው ነበር፤ ስለዚህ አያድርጉት። በአጭር የጽሑፍ መልእክት በኩል ደግሞ እውነተኛ ማመካኛ አለልዎት። አንድ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ለፊደል የሚያገለግለው ኮድ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ። ብልህ ሰው «70 ሆሄ ካለኝ ምን ይቅደም?» ብሎ ይጨነቃል። እርስዎ «ውድ ደንበኛችን» ብለው ይጀምሩ፣ የድርጅቱን ሙሉ ስም ይጻፉ፣ ምስጋናውን ያድርሱ፤ የገንዘቡ ነገር ቦታ ከተረፈ ይገባል። ካልሆነም አማርኛውን በላቲን ሆሄ ይጻፉት። በቁቤ የተማረ ልጅ ላቲኑን በቁቤ ድምፅ ነው የሚያነበው፤ ለእርሱ ኤክስ «ጠ» ነው፣ ሲ ደግሞ «ጨ»። በፊደል ያደጉት አባቱ ጭራሹኑ አያነቡትም። ባንድ መልእክት ሁለት ትውልድ ማሳት የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

የፊደሉን መጠን ያሳንሱ፤ ለላቲን የበቃ ለፊደል ምን ይሳነዋል? ይሳነዋል እንጂ። «ከፋይ» ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ነው፤ «ክፋይ» ደግሞ ድርሻ። «ይክፈል» ሰውየውን ያዛል፤ «ይከፈል» ስለ ሂሳቡ ይናገራል። ከ«ከ» ወደ «ክ» የሚያሻግረው አንዲት ጭረት ናት፤ በሁለት መቶ ምናምን ሆሄያት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው እንዲህ ባለች ጭረት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጠኑ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ማሳነሱ ካልበቃ ያወፍሩት። አቢሲኒካ የተባለው ፎንትና በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ የመጣው ኒያላ ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ የተሳሉት ግን በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ሲያዙ ማሽኑ ያልተሳለውን ቦልድ ከየት ያመጣል? ያንኑ ፊደል ጠርዙን ለጥጦ ያደልበዋል፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ይደፈናሉ፣ «ጠ» ወገቧ ይጠፋል። ቀለሙን ደግሞ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ያድርጉት፤ በቢሮ መጋረጃ ሥር ሲያዩት እንዴት እንደሚያምር! ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ መመሪያውን የጻፉት ሰዎች እኩለ ቀን ላይ የእህል ገበያ መካከል ቆሞ ስክሪን በእጁ መዳፍ የሚጋርደውን ሰው ያሰቡ ይመስላሉ። እርስዎ አያስቡት። ብሩንም ያለ ነጠላ ሰረዝ በቀጭኑ ይደርድሩት፤ 10000 እና 100000 በጸሐይ ላይ ወንድማማች ናቸው። የበሬ ዋጋ የሚልክ ሰው ዜሮ በጣቱ እየነካ ሲቆጥር ማየት የሙያዎ ክብር ነው።

ወደ ቁቤው እንለፍ። አፋን ኦሮሞ አናባቢው ሲረዝም ሆሄውን ይደግማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም ይደግማል፤ ስለዚህ ቃሉ ከእንግሊዝኛው ረዘም ይላል፣ ለእንግሊዝኛ ከተለካ ቁልፍም ይፈሳል። መፍትሔዎ ሆሄያቱን እርስ በርስ ማጣበቅ ይሁን። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ደግሞ ለስላሳ፤ በቁቤ ልዩነታቸው የሆሄው መደገም ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሆሄ ተጣብቆ አንድ ሲመስል መሬቱ ይለሰልሳል። ሁዻን ደግሞ እንደ ስህተት ይቁጠሩት። ሁዻ በቃሉ መካከል የምትገባ፣ ድምፁን የምትቆርጥ ጭረት ናት፤ «ዛሬ» የሚለው ቃል እንኳን ያለ እርሷ አይጻፍም። በእንግሊዝኛ ልማድ ጥቅስ ትመስላለች እንጂ በአፋን ኦሮሞ የቃሉ አካል ናት። የስም መሙያው ቅጽ «ልዩ ምልክት አይፈቀድም» ብሎ እንዲመልሳት ያድርጉ፤ አልመለስ ካለች ደግሞ በስክሪኑ ላይ በቦታዋ የኮምፒውተር ቁጥርና ምልክት ተደባልቆ ይውጣ። ሰው የገዛ ስሙን በትክክል ጽፎ «ተሳስተዋል» ሲባል ከዚያ በኋላ ለምንም አይከራከርም።

እንዲህ ስመክርዎ የሚቃወሙን አይጠፉም፤ የሚያስገርመው ደግሞ ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ እርስዎን ለመርዳት የሚመጡት መብዛታቸው ነው። አንዱ «ሰዉ ለምዶታል፤ ያልገባው የጎረቤት ልጅ ያነብለታል» ይላል። እውነት ነው፣ ያነብለታል። የሚያነበው ልጅ ግን የሚስጥር ቁጥሩንም ያስገባለታል፤ «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይሰጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያም ራሱ በማይነበብ ፊደል ስለተጻፈ ማንም አይታዘበውም። ሌላው «ጊንጪ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ ቁቤው ካማረ ፊደሉ ለምን?» ይላል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የተማረው በእርሱ ያነባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ኋላ 15 በደረሱ ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞንም ያስተማረው በፊደል ነበር። በዚያ ዘመን ያነበቡ እናትና በቁቤ ያነበበች ልጅ አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በአንድ ስልክ ይጠቀማሉ፤ አንዱን ጽሕፈት ማሳመርና ሌላውን መጣል ከሁለቱ አንዷን መጣል ነው። ሦስተኛው «ሥዕል ይበቃል» የሚለው ነው። ቀስት ወደ ቀኝ የሚያመለክተው «ላክ» ነው ወይስ «ቀጥል»? ሥዕል ለካሜራና ለባትሪ ይበቃል። ተቀባዩ ማን እንደሆነና ስንት ብር እንደሚቆረጥ የሚናገር ሥዕል ግን እስካሁን አልተሣለም።

ከሁሉም የሚጣፍጠው ማመካኛ «የኛ ፊደል ለቴክኖሎጂ አይመችም፤ ፎንትም የለም» የሚለው ነው፤ ያገር ተቆርቋሪ እያስመሰለ ከሥራ ያድናል። በዮሐንስ ፖትከን እጅ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በእርሳስ ፊደል የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስብሰባው ላይ እንዳይኖር ብቻ ይጠንቀቁ። ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ኮድ ስለነበረው ባንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት እንቆቅልሽ ይሆን ነበር፣ ያን ጊዜ ማመካኛው ልክ ነበር። ለኦሮምኛ ድምፅ የተበጀችው «ዸ» ሳትቀር በዚያው ዓመት ቁጥሯን አግኝታለች፤ የመረጡት ጌጠኛ ፎንት እርሷን ይያዝ አይያዝ አለማየት የእርስዎ ድርሻ ነው። ዛሬ ኖቶ የሚባለው የፎንት ቤተሰብ ከፀጉር ከቀጠነው እስከ ድቡልቡሉ ድረስ በየውፍረቱ የተሳለ ፊደል በነጻ ይሰጣል። ስለዚህ «የለም» ሲሉ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። አዲስ ፎንት ለማሳል ገንዘብ የለም የሚል ሰው ከመጣ ግን እርሱ በከፊል እውነት አለው፤ ብዙ ውፍረት ያለው ጥሩ ፊደል መሣል ከላቲን ሃያ ስድስት ሆሄ ጋር የማይወዳደር ረጅም ድካም ነው። የመስመሩን ክፍተት ማስፋት፣ ቁልፉን ማርዘም፣ ግራጫውን ማጥቆር ስንት እንደሚያስወጣ ግን አይጠይቁት፤ ሊነግርዎ ይችላል።

የቀረው ሙከራው ነው። በራስዎ ውድ ስልክ፣ በራስዎ ዓይን፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ብቻ ይሞክሩት። አለቃዎ ጊንጪ ወርደው ሰው ይጠይቁ ካሉ ደግሞ ይሂዱ፤ ስክሪኑን ለአንድ እህል ሻጭ አሳይተው «አባባ፣ ያምራል?» ይበሉ። «ያምራል ልጄ» ይሉዎታል፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። ያንን ጽፈው ይመለሱ። ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀምጠው «እስቲ ለልጅዎ ሁለት መቶ ብር ይላኩ» እንዳይሏቸው ብቻ።