የጎፋ አሠልጣኞች

ጎፋ ውስጥ የቴኒስ ሜዳ ፍለጋ ከምትንከራተቱ የቴኒስ አሠልጣኝ ብትፈልጉ ይቀላችኋል። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጎፋ ገብርኤል፣ ዲኤስቲቪ በከፈተ ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ራኬት ጨብጦ አያውቅም፤ በአንድ ማኪያቶ ግን ሦስት ሰዓት ተቀምጦ የዓለም ሻምፒዮን ያርማል።

ቴኒስ ሰፈራችን የገባው በስፖርት ፍቅር አይደለም፤ በቤቲንግ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ሲያርፍ ትኬት መቁረጥ የለመደ እጅ ሥራ አይፈታም። ስሙን አንብቦ መጨረስ ያቃተውን ተጫዋች «ይሄ ልጅ አስተማማኝ ነው» ብሎ ይመርጣል። በምን አወቅህ ስትሉት ኦዱን ያሳያችኋል።

የቴኒስ ኮሜንታተር ወግ አለው። ኳሷ ጨዋታ ላይ ሳለች ዝም ይላል፤ ነጥቡ ሲያልቅ ሁለት ሦስት ቃል ጣል ያደርጋል። ዊምብልደንን ለአሠርት ዓመታት በቢቢሲ ያስተላለፈው ዳን ማስኬል በንግግሩ ብቻ ሳይሆን በዝምታውም የተከበረ ነበር። እኛ ቤት ግን ኮሜንታተር ዝም ካለ ድምፁ የተበላሸ ነው የሚመስለን። ስለዚህ ክፍተቱን እንሞላለታለን።

«በግራው ምታበት! ግራው ደካማ ነው!»

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ ግራኝ ነው።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?» ይላሉ ጋሼ፤ ምክራቸውን ግን አይለውጡም።

ውጤቱ 15፣ 30፣ 40 እያለ ሲሄድ አንዱ ግራ ይገባዋል። «ለምን 45 አይሉም?»

«አምስቷ ቫት ናት» ይመልስለታል ጎኑ ያለው። ማንም አልሳቀም፤ አንዳንዱም አምኗል።

የሚገርመው እውነተኞቹ አሠልጣኞች ለብዙ ዘመን አፋቸው ተለጉሞ መኖሩ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች አሠልጣኝ ከመቀመጫው ሆኖ ተጫዋቹን እንዲመክር አይፈቀድለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ የሴሬና ዊሊያምስ አሠልጣኝ ፓትሪክ ሙራቶግሉ በእጁ ምልክት ሰጠ ተብሎ ዳኛው ካርሎስ ራሞስ ሴሬናን አስጠነቀቋት። ቀጥላ ራኬቷን ሰበረች፣ ነጥብ ተቀጣች፤ ዳኛውን «ሌባ» አለች፣ ሙሉ ጌም ተቀጣች። ተጋጣሚዋ ናኦሚ ኦሳካም 6 ለ 2፣ 6 ለ 4 አሸነፈች። ሙራቶግሉ በኋላ መምከሩን አመነ፤ «ያየችኝ ግን አይመስለኝም» አለ። አንድ ያልታየ የእጅ ምልክት መዘዙ ይህ ከሆነ፣ የኛ ቤት ጩኸት ስንት ጌም ባስቀጣ ነበር?

እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከሜዳ ዳር መምከርን በሕጉ አስገብቷል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ምክሩ በነጥብና በነጥብ መካከል፣ አጭርና ማንንም የማይረብሽ መሆን አለበት። በዚህ መስፈርት ፈቃድ የሚያገኝ አሠልጣኝ ከጎፋ አይወጣም። እኛ ልጁ ሊሰርቭ ኳሷን ወደ ላይ ሲወረውር ነው ድምፃችን የሚከፈተው። ትኬቱ ሲበላ ደግሞ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ «ይሄ ልጅ ምክር አይሰማም!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል። ማሠልጠን ምን እንደሆነ ያሳዩ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አልጠፉም። ወንድማማቾቹ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ ለዓመታት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ቴኒስንና ትምህርትን አጣምረው አስተምረዋል። እዚያ ሥራው አንዱን ምት በትዕግሥት ማስደገም ነው፤ ኦድ የለውም፣ አጨብጫቢም የለውም። ለዚህ ይሆናል ከኛ አሠልጣኞች አንዱም ሲሞክረው ያልታየው።

ምክር ይቅር አልልም፤ ቢቀር ሰፈሩ ጭር ይላል። ኳሷ እስክታርፍ ድረስ ብቻ ታገሡ። ያም ከከበዳችሁ ራኬት ተዋሱና አንድ ጊዜ ግቡበት። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 23.77 ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቱን የሚያውቀው ግን የሮጠበት ነው።