ባለ ሞተሩ ቀጥቃጭ

የምኖርባት ከተማ ስሟ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ግእዙ ሲፈታ የሰላም መንገድ። ድሮ ወጀት ነበር የምትባለው። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ ቢያልፉ ይህን ስም አገኘች። እኔ ደግሞ በዚህች የሰላም መንገድ ዳር፣ በእናቴ ጓሮ፣ ከጌሾው ተክልና ከዶሮው ቆጥ መካከል፣ በደቂቃ 360 ጊዜ ብረት የሚደበድብ ማሽን ተከልኩ። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸ ዕለት፣ አጥር የሚጋሩን እትዬ ነጠላቸውን በወጉ ሳያጣፉ ወጥተው «ጃንሆይ እንኳን አንተ ሳትወለድ አለፉ!» አሉኝ።

ሥራዬ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ ባጃጅ፣ በሬ የወጋው ሚኒባስ፣ ግንብ የሳመ አይሱዙ ሲመጣልኝ ላሜራውን አቃንቼ እመልሳለሁ። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት። ጣልያንን በ1933 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ ላይ ከቡሬ ምሽጉ ነቅለው አስወጡት፤ ከጋራዥ የሚያስወጣው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ሞርሳ፣ ቸርኬ፣ ፓርፋንጎ፣ ኮፈን… እነዚህን ቃላት ብትከለክሉኝ ከረዳቴ ጋር የምንግባባው በጥቅሻ ነው።

ለእናቴ ግን ቃሉ ባዕድ መሆኑ ትልቅ በረከት ሆኖላታል። «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ባትላሜራ ነው» ትላለች፣ ዶክተር ነው በሚል ድምፅ። የማያውቁት ደግሞ «እሰይ! ስንት ዓመት ተማረው?» ይሏታል። ችግሩ ቃሉ ወደ አማርኛ የተመለሰ ዕለት ነው። ላሜራ መቺ፣ ብረት መቺ፣ አለቀ፣ ቀጥቃጭ! ቀጥቃጭ ደግሞ በእኛ አገር የሙያ ስም ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ስድብም ነው፣ ሐሜትም ነው፣ ሽማግሌ የተላከ ዕለት የጋብቻ እንቅፋትም ነው። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ የቡሬ በርበሬውም የሚበቅለው ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። ማረሻውን ግን የሚቀበለው «ዓይኑ ይበላል» ብሎ ልጁን ከኋላው ደብቆ ነው።

ይህ ነገር መሪዎቹንም አስቸግሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሰደበ አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወደኛ መንደር ሲመጣ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶበት ሳይመለስ አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስማ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩ ናቸው፤ ባለ እጅ ላኩልኝ ብለው ባሕር ማዶ ድረስ ጽፈዋል። እኔ ከታሪኩ የገባኝ ይህ ነው፤ ቀጥቃጭ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ኢንጂነር ይባላል፣ ከጓሮ ሲወጣ ቡዳ።

እንግዲህ ነገሩን አሰብኩት። ብረቱን የሚመታው ክንዴ ከሆነ ቀጥቃጭ ነኝ። የሚመታው ሞተር ከሆነስ? እኔ አጠገቡ ቆሜ ፔዳል የምረግጥ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ የሰካሁ ሰው ብሆንስ? ቀኝ ትከሻዬም በሐሳቡ ተስማማ። አንድ የሚኒባስ ፓርፋንጎ በእጅ አውጥቶ ለመጨረስ ስንት ሺህ ምት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ትከሻዬ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሒሳቡን እየነገረኝ አላስተኛ ብሎኛል።

ደግነቱ ቀድሞኝ ያሰበው ሰው አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ናስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1839 የእንፋሎት መዶሻውን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነደፈ። ግሬት ብሪተን የምትባል መርከብ እየተሠራች ነበር፤ የመቅዘፊያ መንኮራኩሮቿን የሚያዞረው ዘንግ ከመወፈሩ የተነሳ እሱን የሚቀጠቅጥ መዶሻ በአገሩ ጠፋ። ናስሚዝ መዶሻውን አሰበላቸው። ይሁንና ሰዎቹ ሐሳባቸውን ለውጠው መርከቢቱን በፕሮፔለር አደረጓትና ዘንጉ ቀረ። ይህን ሳነብ ስኮትላንዳዊውን ወንድሜን ማቀፍ አማረኝ። ግማሽ ከተሠራ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ደንበኛ የፍኖተ ሰላም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የኔ መዶሻ እንፋሎት የለውም። አካሉን ከአሮጌ አይሱዙ ሻንሲ ቆርጬ እንደ ማጭድ አፍ ቆልምሜ በየድኩት፤ አፉ ሰፊ የሆነው ላሜራው እንደ ልቡ እንዲገባበት ነው። ከላይ የአይሱዙውን ባሌስትራ ወገቡ ላይ አሰርኩት። አንደኛው ጫፉ ላይ መዶሻው ተንጠልጥሏል፤ ሌላኛውን ጫፍ አንድ መንኮራኩር ከመሃሉ ወጣ ባለች ፒን ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ዲናሞው ሥራ ካቆመ ወፍጮ ቤት የተገዛ ነው፤ በሦስት ፈረስ ጉልበት። ገዝቼ ሳመጣው ውስጡ ዱቄት ነበረበት፤ ሲነሳ እስከ ዛሬ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ለዲናሞው ትንሽ ፑሊ፣ ለመዶሻው የሱን አራት እጥፍ ትልቅ ፑሊ። ዲናሞው በደቂቃ 1440 ይዞራል፤ ለአራት ሲካፈል 360 ምት። አራት ክፍል ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው።

እኔ ግን ፑሊዎቹን አቀያየርኳቸው።

መብራት ያልነበረበት ሳምንት ስለነበር ሥራውን የጨረስኩት በባትሪ ብርሃን ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ትልቁ ዲናሞው ላይ፣ ትንሹ መዶሻው ላይ። 1440 ለአራት በመካፈል ፈንታ በአራት ተባዛ፤ 5760! መብራት ሲመጣ አስነሳሁት፤ ማሽኑ እዚህ ቁጥር ላይ አልደረሰም፣ ከዚያ በፊት ሌላ ሐሳብ መጣለት። ተነሳ። የመሠረቱ ብሎኖች አንድ በአንድ እንደ ፈንዲሻ ፈነዱ፤ ከዚያ ሦስት ኩንታል ብረት ወገቡን እየሰበቀ፣ እየዘለለ ወደ በሩ ሄደ። ዶሮዎቹ ቀድመውት ወጡ፣ ረዳቴ ዶሮዎቹን ቀደማቸው። በራችን ወደ ቡሬ በሚወስደው በኩል ስለሆነ ማሽኑ የመንገዱን አቅጣጫ በትክክል ይዟል። ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሎ ባያቆመው ኖሮ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ማንኩሳ ደርሶ ነበር። ደፉ ላይ ሲቆም አንድ ጊዜ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጓ አለ። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ «ሊሄድ ነው እንዴ? ቡና እያፈላሁለት!» አለች።

ፑሊዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ማሽኑ ጨዋ ሆነ፤ እኔ ግን ጠገብኩ። ስለ ናስሚዝ መዶሻ የሚወራ አንድ የታወቀ ነገር አለ። በወይን ብርጭቆ ውስጥ እንቁላል ይቀመጥና ያ ግዙፍ መዶሻ ወርዶ ቅርፊቱን ብቻ ይሰነጥቃል፣ ብርጭቆው አይነካም። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ይህንን ነበር። እኔም ጎረቤት ጠራሁ። የወይን ብርጭቆ ስላልነበረን በአረቄ መለኪያ ላይ የዶሮ እንቁላል አቆምኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ እናቴ «በጾም እንቁላል!» ብላ ብትጮህ «ለሳይንስ ነው» አልኳት። «ሳይንስ አይጾምም?» አለችኝ።

ፔዳሉን በአውራ ጣቴ ጫፍ ነካሁት። ልብ በሉ፣ የናስሚዝ መዶሻ የሚታዘዘው በእንፋሎት መክፈቻ ነው፤ እንደ ፈለጉ ያዘገዩታል። የኔ በባሌስትራና በላላ ቺንጊያ ነው፤ ወይ ይተኛል ወይ ያብዳል። እንቁላሉ የት እንደ ሄደ ወዲያው ታወቀ። መለኪያው ጭራሽ አልተገኘም። እትዬ ግን ግንባራቸው ላይ አስኳል ይዘው «ጾሜን በዓይኔ አስፈታኸኝ!» እያሉ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ።

ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ላሜራው ስንመጣ፣ ነገሩ ከዚህም ባሰ። ፓርፋንጎ አወጣለሁ ብዬ ያስገባሁት ላሜራ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ወንፊት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም ወንፊት። ረዳቴ «ለበርበሬ ነጋዴዎች ለምን አንሸጠውም?» ሲል እየቀለደ አልነበረም። ከተማው ደግሞ ቀስ እያለ ስም አወጣልኝ። «ኢንጂነሩ» ይሉኛል፣ ስሙን እንደ ሎሚ ጨመቅ አድርገው።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከጃቢ ጠህናን ገጠር ማጭድና ማረሻ ሊሸጡ የመጡ ባለ እጅ ናቸው። አላንኳኩም፣ አልተጣሩም፤ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው ያዳምጣሉ።

«ግቡ እንጂ አያ» አልኳቸው።

«ያነክሳል» አሉ ከመግባታቸው በፊት። «ሦስቱን ይመታል፣ አራተኛውን ይውጠዋል። አንድ እግሩ ላልቷል።»

አየሁት። መንኮራኩሩ ላይ ያለችው ፒን ኩሽኔታዋ ተበልቶ ትንቀሳቀሳለች። ሦስት ሳምንት አጠገቡ ስቆም ያልሰማሁትን በአጥር ሰምተውታል። ከዚያ አስቁመውኝ የላይኛውን ራስ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ጣታቸው እንደ ኮቴ የጠነከረ ነው፣ ጠርዙ ግን እሱንም ጫር አደረገው። ጣታቸውን አሳዩኝ።

«ይህ መዶሻ አይደለም ልጄ፤ ምሳር ነው። ምሳር ሠርተህ ለምን ቆረጠ ትላለህ?»

ግራይንደር አቀረብኩላቸው። በዓይናቸው ገምግመው መለሱልኝ፤ «አንተ በዚህ አክብበው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ። ጠርዙን አከበብኩ፣ መሃሉን እንደ እንጎቻ ጀርባ በትንሹ አጎበጥኩ። የቀረውን እሳቸው በድንጋይ፣ ከዚያ በአመድና በጨርቅ እየፈተጉ ፊታቸው እስኪታይበት ወለወሉት። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። እናቴ ጠላ ይዛ መጣች፤ ለማን እንደምትሰጥ ስታውቅ እጇ ትንሽ ዘገየ፣ አየኋት፣ እሳቸውም አዩ። ግን ሰጠች። እሳቸውም ተመስገን ብለው ጠጡ።

«አሁን ደግሞ ይህን ከፍ አድርገው» አሉ ወደ ባሌስትራው እያመለከቱ። እኔ ሁለቱን ራሶች ማሽኑ ቆሞ ሳለ አጋጥሜ ነበር የማሰራቸው። ነገሩን ያስረዱኝ በጅራፍ ነው። «ጅራፍ ስታጮኽ እጀታው መሬት ይነካል? አይነካም። የሚመታው ጫፉ ነው፣ እሱም ሲወረወር ነው የሚደርስ። ይኸም ቆሞ አይነካካ፣ ሲሮጥ ይድረስ።» ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተውን። ይህንን ከሚያስረዳ መጽሐፍ ጋር ብዙ ሌሊት ታግያለሁ፤ እንዲህ ቡሄ ቡሄ እያለ አልገባኝም ነበር።

ላሜራውን አስገባሁ። በመጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ፤ ጓ ጓ ይል የነበረው ትርርር ማለት ጀመረ። ላሜራ ሲመታ ይሳሳል፣ ሲሳሳ ይሰፋል፣ የሰፋው ደግሞ መሄጃ ይፈልጋል። መሃሉን ብቻ ስትመታው ጠርዙ አላሳልፍም ይለዋል፤ ስለዚህ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። በእጆቼ መካከል፣ እንደሚቦካ ሊጥ፣ ቀስ እያለ ጎበጠ። ክፉ ቀን ያየ ትከሻዬ አጠገቤ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ፓርፋንጎ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ጠርዙ ላይ ጥቂት መሸብሸብ አለ፣ እሱን ሽማግሌው በእንጨት መዶሻ ደቃ ደቃ አድርገው አስተኙት። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል፤ እትዬ እንኳ መጥተዋል፣ ራቅ ብለው፣ ግንባራቸውን በነጠላ ሸፍነው።

በዚህ መሃል አንድ ገበሬ ሰዉን እየገፋ ገባ። በአንድ እጁ የደነዘ ማረሻ፣ በሌላው አምስት ዓመት የማይሞላው ልጁን ይዟል። ብረት ሲመታ ሰምቶ ነው የመጣው። የኔን የጆሮ እርሳስ አየ፣ የሽማግሌውን ጥላሸት የጠጣ ጋቢ አየ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው።

«ጠይቡ የታለ?» አለ።

እኔ ሽማግሌውን አየሁ። ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱት።

«ያውልህ።»

ገበሬው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየው። ማሽኑ ትርርር ይላል። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ቀስ ብሎ ልጁን ከጋቢው ሥር አስገባው።