ሐተታ በእንተ ገፊ ወተገፊ
በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች አልነሳ ያለ ባጃጅ ስለሚዛወርበት ሥርዓት

ሞተሩ አልነሳ ያለ ባጃጅ በመቱ፣ በጎሬና በአካባቢው ከተሞች ከግቢ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልትም ወደ ግቢ የሚዛወርበት ሥርዓት፣ ከነገሩ ክብደት አንጻር በሊቃውንት ዘንድ ተገቢውን ምርመራ ሳያገኝ ቆይቷል። ይህ ሐተታ ጉዳዩን በአራት አንቀጽ ከፍሎ ይመረምራል፤ ቀዳማዊ በእንተ መሣሪያ፣ ካልዓይ በእንተ ታሪክ፣ ሣልሳይ በእንተ ምድር፣ ራብዓይ በእንተ ሰብእ።

አንቀጽ ቀዳማዊ፤ በእንተ መሣሪያ

ባጃጁን ይገፋ እንደሆነ የምንመረምረው መሣሪያ የተበጀው ለሌላ ግብር ነው፤ በባሕር ማዶ ያሉ ባለጸጎች ጀልባቸውን በተሳቢ ላይ ጭነው በግቢያቸው ያሳድራሉ። ተሳቢው ከመኪናው ከተፈታ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ስለማይኖር፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ፣ እጀታ ያለው አነስተኛ መጎተቻ ጋሪ ተበጅቶለታል። ሞተሩ በጥርሶች አማካይነት ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። የተሳቢው አፍንጫ በጋሪው ላይ ያርፋል፤ በተሳቢዎች ልማድ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በአፍንጫው በኩል ስለሚያርፍ፣ ይኸው ጫና የጋሪው ጎማ መሬቱን ነክሶ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ጫናው ካነሰ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ መሬቱ ከላላ ደግሞ ይሰምጣል። ስለዚህ መሣሪያው ጠንካራ ወለልን አስቀድሞ የሚሻ ፍጥረት መሆኑን አንባቢ በልቡናው ያኑር፤ በብያኔው ጊዜ ያስፈልገናልና።

አንቀጽ ካልዓይ፤ በእንተ ታሪክ

ተጠራጣሪ አንባቢ «ኢሉባቦርንና ጀልባን ምን አገናኛቸው?» ይል ይሆናል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር፤ በዚህም ጋምቤላ ወደብ ሆነች። በዚያ ዘመን በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከሱዳን ይመጣ ነበር፤ ሲጎድል ይቀር ነበር። ቡናው ከጎሬ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወርዶ ይጫን ነበር፤ ጨውና ጨርቁ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ እንደምንረዳው የጎሬ ነጋዴ ጀልባን በግቢ የማሳደር ፈተና አልገጠመውም፤ ይህም ከአስተዋይነት የመነጨ ይሁን ከ1,500 ሜትር ዳገት ሲመረመር፣ ሁለተኛው ምክንያት ሚዛን ይደፋል።

አንቀጽ ሣልሳይ፤ በእንተ ምድር

የመቱ ግቢ በጠባዩ ሦስት ነው፤ ደረቅ፣ ርጥብና ማጥ። ደረቁ አጭር ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ዝናቡ ረጅም በሆነበት በዚህ አገር ቀሪዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይከፋፈሉታል። ባጃጅ ባዶውን ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በደልዳላ አስፋልት ላይ ለማንከባለል ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያልበለጠ ግፊት ስለሚበቃ፣ ስድስት ኪሎ የሚያነሣ ሕፃን ሥራውን ይፈጽማል። ከመቶ አሥር የሚዘነብል የግቢ በር ሲጨመር ግፊቱ 30 ኪሎ ይበልጣል፤ ቀዩ ጭቃ ደግሞ የክብደቱን ሩብ ያህል ሊቃወም ይችላል። ድምሩ ወደ 110 ኪሎ ይጠጋልና ሦስት ጎልማሶች ይበቃሉ። ይሁን እንጂ ሦስት ሰዎች ብቻ የገፉት ባጃጅ በመቱ ታይቶ አይታወቅም። ምክንያቱ በሚቀጥለው አንቀጽ ይተነተናል።

አንቀጽ ራብዓይ፤ በእንተ ሰብእ

በባጃጁ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ በአምስት ማዕርግ ይከፈላል። አንደኛው ገፊ ዘበአማን ነው፤ ክንዱ ቀጥ፣ አንገቱ ደፋ፣ ተረከዙ በጭቃ ውስጥ። ሁለተኛው ገፊ ዘበአምሳል ነው፤ መዳፉን በሸራው ላይ አኑሮ እንደ ሌሎቹ ያቃስታል፤ ከቀዳሚው የሚለየው ባጃጁ አስፋልት ከወጣ በኋላ ጫማው ሲመረመር ብቻ ነው። ሦስተኛው ባለ ታኮ ነው፤ ድንጋይ ይዞ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ይከተላል፤ ገፊዎች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ታኮውን ይጥላል። ያለ እርሱ የተገፋ ሁሉ ተመላሽ ነው፤ ስለሆነም የማዕርጉ ጸጥተኛነት ክብሩን አይቀንሰውም።

አራተኛው አዛዥ ነው፤ «ግራ ቁረጥ! መልስ! በቃ!» ይላል፤ አይነካም። በመቱ ትእዛዙ በአማርኛ «ግፋ!»፣ በኦሮምኛ «ዺባ!» ተብሎ ይሰጣል፤ ባጃጁም ለሁለቱ ልሳናት አያዳላም። ችግር የሚነሣው በቆጠራው ነው፤ አንዱ ወገን «ሰዲ» ሲባል ሌላው «ሦስት» ሲባል የገፋ እንደሆነ ኃይሉ ለሁለት ተከፍሎ ባጃጁ ሁለት ጊዜ ይነቀነቃል እንጂ አይሄድም። አምስተኛው መካሪ ነው፤ ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል መጥቶ «ቆይ፣ ነዳጅ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሾፌሩ ከስድስተኛ ማዕርግ ያልተቆጠረው፣ መሪ ከመያዝና ማርሽ እንደገባ ከመርሳት በቀር የተለየ ግብር ስላልተገኘለት ነው።

ብያኔ

እንግዲህ ባለ ሞተሩ ጋሪ ወደ መቱ ቢገባ የትኛውን ማዕርግ ይተካል? አዛዥነቱንና መካሪነቱን አይችልም፤ ታኮ አይጥልም፤ በአምሳል ለመግፋትም ማስመሰል ይጎድለዋል። የሚቀረው ገፊነት ዘበአማን ነው፤ ይህም ቢሆን በቀዳማዊ አንቀጽ እንደተገለጠው ጠንካራ ወለል ይሻል። በሐምሌ ከመቱ ግቢ ማጥ ላይ የቆመ እንደሆነ ጎማው ይሰምጣል፤ የሰመጠም እንደሆነ አምስቱ ማዕርጋት ከነሙሉ ሥልጣናቸው ተሰብስበው ከባጃጁ አስቀድመው እርሱን ያወጡታል። ስለዚህ መሣሪያው፣ አምራቾቹ ስለ ግብሩ የሚሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በኢሉባቦር ምደባ ከገፊዎች ወገን ወጥቶ በተገፊዎች መዝገብ እንዲሰፍር ተበይኗል።