ለቀላል ሞተር ከባድ ምክር

ይህን ምክር የምለግስዎ አንዳች ጥቅም ፈልጌ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ቀበሌዎች አስራ አንድ ዓመት በያማሃ ዲቲ 125 የተመላለሰ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ቢቀበር ነውር ነው ብዬ ነው። ዘጠኙን ዓመት ሞተሯ የመሥሪያ ቤት ነበረች። አንዲት ዳዶ ለመቀየር ሦስት ፊርማና አንድ ማኅተም ስለሚጠየቅ፣ ምስኪኗ ከፋብሪካ እንደወጣች መሻሻል የሚባል ነገር ሳያገኛት ኖረች። በኋላ ሲያስወግዷት በጨረታ ገዛኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂውም ፈቃጁም እኔ ሆንኩ፤ መሻሻሏም በዚያው ሳምንት ተጀመረ።

ገና ጀማሪ ከሆኑ ስለ ሞተሯ ዘር ጥቂት ይወቁ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1ን ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው፣ ሰው በአንዲት ሞተር አስፋልቱንም ጥርጊያውንም ይሂድበት ብሎ ነው። ከዚያ ዘር የወረደችው የኛዋ 125 ቀጭን ባለ 21 ኢንች የፊት ጎማ፣ ከጎማው ራቅ ብሎ የተሰቀለ ፓራፋንጎ፣ ረጃጅም ሞላዎችና በአየር የምትቀዘቅዝ አንዲት ሲሊንደር አሏት። ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። እንግዲህ ጃፓኖቹ ክብደት ለመቀነስ ይህን ያህል ከደከሙ፣ የሚጨመርበትን ቦታ ለኛ ትተውልናል ማለት ነው።

አንደኛ፣ ከሚታየው ይጀምሩ። ሰው ሞተር ሲያይ ኮርቻዋን ያያል፤ ስለዚህ የበግ ለምድ ያልብሱት። ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ጥር ላይ አቀማመጥዎ የደጃዝማች ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ ግን ለምድ ዝናብ ይጠጣል፤ የኔው አራት ኪሎ ያህል ጠጥቶ፣ ስቀመጥበት ከፊሉን ወደ ሱሪዬ ይመልሰው ነበር። በየገቡበት ቤት ባለቤቲቱ ወንበር ለማቅረብ ለምን እንደምታመነታ አይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መከላከያ ያስበይዱ። የውሃ ቧንቧ በየብረት መሸጫው ሞልቷል፤ በግራም በቀኝም ክንድ ክንድ ያህል ይውጣ። በያጁ ሥራ ሲጀምር «ባትሪው ይነቀል፣ ገመዶቹ ይላቀቁ» እያሉ አያስቸግሩት፤ እኔ አላስቸገርኩትም። የብየዳው ኮረንቲ በፍሬሙ ዞሮ ለካንዴላዋ እሳት የምትልከውን ሲዲአይ የተባለች ትንሽ ሣጥን ጎበኛት። ሞተሯ ዳግመኛ የተነሳችው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ሌላ ሣጥን ተገዝቶ ከመጣላት በኋላ ነው። የመከላከያውን ጥንካሬ ግን እመሰክራለሁ። አማኑኤል መንገድ ላይ አንሸራትታኝ በወደቅን ጊዜ ቧንቧው ምንም አልሆነም። የታጠፈው ፍሬሙ ነው።

ሦስተኛ፣ ፖርቶመጋላውን ያስረዝሙ። በሞተር ባዶውን የሚሄድ ሰው ያሳዝናል፤ ዘመድም ይታዘበዋል። ኩንታል ባይችል እንኳ ግማሽ ኩንታል የሚችል ይሁን። እርግጥ ጭነቱ ከኋላ ጎማው እምብርት አልፎ በወጣ ቁጥር የፊቱ ጎማ መሬት መርገጥ ይሰለቸዋል። ዳገት ላይ መሪው እጅዎ ውስጥ እንደ ባዶ ቅል ይቀልላል፤ እርስዎ ወደ ቀኝ ያዞሩታል፣ ሞተሯ የራሷን ሐሳብ ትከተላለች። የጮቄን ዳገት በዚህ ዓይነት የወጣ ሰው ጸሎት ለመልመድ ሰንበት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ማርሚታዋን ይብሱ። ድምፅ ጉልበት ነው ይላሉ የሰፈር ጎረምሶች። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ግን ማርሚታ የጭስ ማውጫ ብቻ አይደለችም። ሆዷ አብጦ ጫፏ የጠበበው በምክንያት ነው፤ የጭሱ ግፊት ጫፏን መትቶ ይመለስና ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። እሷን መብሳት ጎተራ መብሳት ነው። እኔ ሦስት ቦታ በሳኋት፤ ጉልበቷ ወረደ፣ ድምፅዋ ሦስት ቀበሌ የሚሰማ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሥራ ቀይሬ የብድር አስመላሽ ሆኜ ነበር። ተበዳሪዎቼ ከጉብታው ማዶ ሳለሁ ይሰሙኛል። ደጃፍ ስደርስ አንድ ሕፃንና አንድ ውሻ ይቀበሉኛል።

«አባትህ የት ሄደ?»

«ሞተሩን ሰምቶ ወጣ።»

አምስተኛ፣ ክላክስ። የጭነት መኪና ክላክስ ግርማ አለው። የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ የኔይቱ አሮጌ ባትሪ 6 ቮልት ነበር። ክላክሱ ጉንፋን እንደያዘው ጠቦት አንዴ ሳል አለና ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጌጥ ይዤው ዞርኩ።

ስድስተኛውና ትልቁ ማሻሻያ የፊት ፓራፋንጎ ነው። የፋብሪካው ከጎማው ርቆ ስለተሰቀለ የተጣላ ሰው ይመስላል። እኔ ጎማውን እቅፍ አድርጎ የሚይዝ የላሜራ ፓራፋንጎ አሠርቼ ቀይ ቀለም አስቀባሁት። የጎጃምን ዋልካ አፈር የሚያውቅ ሰው ቀሪውን መገመት አያቅተውም። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ጎማ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ሊጥ እየተደረበ ይጠቀለላል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የነበረው ክፍተት ለካ ጭቃው የሚያልፍበት በር ኖሯል። እኔ በሩን ዘግቼዋለሁ። ከደጀን ወጣ ብሎ ካለ የጤፍ ማሳ ዳር፣ በሁለተኛ ማርሽ እየሄድኩ የፊት ጎማዬ መዞር አቆመ። ሞተሯ ግን መሄዷን አላቆመችም። ጥቂት እንደ ማረሻ አፈሩን እየሰነጠቅን ሄድን፤ ከዚያ ሁለታችንም ተኛን።

አንድ አዛውንት ገበሬ በቅሏቸውን እየሳቡ ደረሱ። መጀመሪያ እኔን አነሱ፤ ቀጥለው ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ይሄን ቆርቆሮ ምን ብለህ ነው እላዩ ላይ የደፋህበት?»

«ለውበት ነው አባቴ።»

በዱላቸው ጫፍ ጭቃውን እየፈለፈሉ ትንሽ ዝም አሉ። «ለዚችም በቅሎ መርገፍ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለጥምቀት አለብሳትና ማታ አወልቅላታለሁ።»

ይህን እዚህ ያነሳሁት ገበሬው የቴክኒክ ትምህርት እንዳልነበራቸው ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ የማልመክራቸውን ሥራዎች ልንገርዎ። የማልመክራቸው ስለማይታዩ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «እንዴት ያለ ንጹሕ ፊልትሮ ነው!» አይልዎትም።

ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። በየሳምንቱ፣ አቧራ ከበዛም በየሁለት ቀኑ፣ በላምባ ማጠብ፣ እንደ ጨርቅ ሳይጠመዝዙ በመዳፍ መጭመቅ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት አጠጥቶ ትርፉን ማውጣት ይጠይቃል። አሰልቺ ነው። እኔ አንድ መካኒክ «ሞተሯ ትተንፍስ» ስላለኝ ነቅዬ ጣልኩት። በግንቦት መጨረሻ የካርቡራቶሩን መግቢያ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው፣ የወጣው አቧራ ለወጥ የተዘጋጀ በርበሬ ያህል የላመ ነበር። ያ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ፒስተንና ፋሻ ሲፈጭ ከረመ። እውነትም ተነፈሰች፤ በጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ እየተፋች።

ካቴና የሚለው ቃል የሞተሩም የእስረኛውም መሆኑ በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም ባሉበት ሊያስቀሩዎ ይችላሉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በላምባ አሽቶ፣ አድርቆ፣ የካምቢዮ ዘይት መቀባት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እንደ ክራር ጅማት አይወጥሩት። የዚህች ሞተር የኋላ ሞላ ረጅም ስለሆነ፣ ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ ካቴናው ራሱ ይወጠራል፤ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር የሚወዛወዝበት ካልተዉለት ኩሽኔታውን እየጎተተ ይበላዋል። ጉልበት ካነሳት ደግሞ ከፊተኛው ባለ 15 ጥርስ አንዲት ጥርስ ቀንሶ 14 ማድረግ ይቻላል፤ ዳገት ላይ 7 በመቶ ያህል መጎተቻ ይጨምራል፤ ከላይ ፍጥነቷም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዋጋው ከቀይ ቀለሜ ያነሰ ነው። ግን ማን ያየዋል?

ካርቡራቶር ከሁሉ የከፋው ነው፤ ማሰብ ይፈልጋልና። ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ የሞተሯም ጉልበት በዚያው ልክ ይጎድላል፤ ለቆላ የተለካው ቤንዚንም ይበዛባታል። ካንዴላውን ነቅለው ይዩት፦ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ማኪያቶ ከመሰለ ልክ ነው። በካርቡራቶሩ መርፌ ላይ ያለችውን ቀለበት አንድ ጎድጎድ ወደ ላይ ማሸጋገር መርፌዋን ዝቅ አድርጎ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ግን ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ታች ያለው አየር ወፍራም ነው፤ በደጋ የቀነሱት ቤንዚን እዚያ ያንሳታል፣ ትግላለች፣ ፒስተኗም ይነክሳል። ቀለበቷን መመለስ አለብዎት።

በዚያው ቁልቁለት ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቷን የምታገኘው ከምትጠጣው ቤንዚን ጋር ነው። ዲቲ ለብቻው የዘይት ጋን አላት፤ ፓምፑ የሚሰጣት ግን በጋዝ አከፋፈትዎ ልክ ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ጋዝ ዘግተው በማርሽ ሲይዟት ጎማው በኃይል ያዞራታል፣ ዘይቱ ግን በጠብታ ይደርሳታል። ስለዚህ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን ይዞ ጋዙን አንድ ሁለቴ ከፈት ማድረግ ነው። ተሳፋሪዎች ያበዱ ይመስላቸዋል። ለዚህም ነው የማልመክረው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያን ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተሯ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለች አንዲት ትንሽ ዳገት አልወጣ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት በመንግሥት ቤት ሳለች በአራተኛ ማርሽ የምትወጣት ዳገት ናት። ፋሻ ቀየርኩ፤ አልወጣችም። አንድ የእህል መጋዘን ጠባቂ አስፈቀድኩና ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ የፊት ጎማዋን፣ ቀጥሎ የኋላውን አወጣሁ። ፊቷ 53፣ ኋላዋ 85፤ ድምር 138 ኪሎ። ጠባቂው «ጤፍ ነው የጫንክባት?» አለኝ። ምንም አልጫንኩም። ቤት ወስጄ እስከ ማታ ስፈታ ዋልኩ፤ የፋብሪካውን ፓራፋንጎ ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ አውርጄ መለስኩላት፤ ማርሚታዋን አስደፈንኩ፤ አዲስ ፊልትሮ ገዛሁ። በማግስቱ 107 ኪሎ መዘነች። ሠላሳ አንድ ኪሎ ውበት ተሸክማ ነበር የከረመችው። ዳገቷን በሦስተኛ ማርሽ ወጣናት፤ ከጫፍ ስንደርስ ወደ አራተኛ ቀየርኩላት። ተበዳሪዎቼም ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ይገኛሉ።

ይህ ግን የኔ የግል ገጠመኝ ነው፤ እርስዎን አያግድዎት። እያንዳንዱ ሰው ሞተሩን በራሱ ማሻሻል አለበት። ለዚህም እንዲረዳዎ፣ ከላይ እንዳልኩት አንዳች ጥቅም ሳልፈልግ፣ የሚከተሉትን በተመጣጣኝ ዋጋ አቅርቤያለሁ፦ ወድቆ የተፈተነ የቧንቧ መከላከያ፤ ግማሽ ኩንታል የሚችል ፖርቶመጋላ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ የላሜራ ፓራፋንጎ፣ ጭቃው የተፈለፈለለት፤ አንዴ ብቻ የጮኸ ባለ 24 ቮልት ክላክስ። ሁሉንም ለወሰደ የበግ ለምዱን እመርቃለሁ። አሁን ደርቋል።