ማንም የማይወርሰው አሸንዳ

ጎንደር ውስጥ የአያት ቤት ሲወረስ ሁሉም ነገር ባለቤት ያገኛል፤ አሸንዳው ሲቀር። መሶቡንም አልጋውንም «የእኔ ነው» የሚል አይጠፋም።

ፋሲል ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ስላለ፣ ሊጠገን ሲል ባለሙያ ይመክርበታል። የእኛ ጭቃ ቤት መዝገብ ላይ ባይኖርም መካሪ አላጣም። አሸንዳው ዝጎ ሲወድቅ የአጎቴ ንስሐ አባት ሳይቀሩ ተሰበሰቡ።

አጎቴ «አሸንዳ የከተሜ ጌጥ ነው፤ ይቅር» ባይ ናቸው። ሒሳቡን አስረዳኋቸው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። የሐምሌ ዶፍ 30 ሚሊሜትር ቢያወርድ፣ ከ60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 1,800 ሊትር ይንዶለዶላል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ዘጠኝ ይሞላል። ያ ሁሉ ከክፈፉ ሥር ሲወርድ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ፍንጣሪው የጭቃውን ግድግዳ ከእግሩ ይበላዋል።

«ዘጠኝ በርሜል?» አሉ አጎቴ፤ «ታዲያ ለምን አናጠራቅመውም?»

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስለ በርሜል ሆነ።

የአሸንዳው ገበያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፒቪሲ አይዝግም፤ ግን ፀሐይ ስታደርቀው ይሰባበራልና በረዶ ለሚመታው አገር አላመንኩትም። ላሜራ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል። ሻጩ «ያኛው 28 ነው፤ ይኼ ግን 32!» ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አክስቴ ትልቁን ቁጥር መረጡ፤ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እጥፍ አለ። ሻጩን ቀና ብለው አዩት፤ 28ቱን ይዘን ወጣን።

ዋናው ጠብ የተነሳው ግን ሲሰቀል ነው። አሸንዳ ለእያንዳንዱ ሜትር ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ወደ መውረጃው ካላዘነበለ ውሃ ያቁራል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ ላሜራውን ይበላል። የእኛ ጣራ ከዕድሜ ብዛት ወደ ተቃራኒው ወገን ዘሟል። ስለዚህ ሠራተኛው በትክክል ሲሰቅለው ጠማማ መሰለ። አክስቴ ከታች ሆነው «ልጄ፣ አቃናው እንጂ! ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ። እሱም ትሕትና ስላለው ያቃናል፤ እኔ መልሼ አስጠምመዋለሁ። በመጨረሻ አክስቴ ቡና ሊያፈሉ ሲገቡ ጠማማው ተመታ።

አሮጌ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ አሸንዳችሁን በግንቦት አሠሩ። ሐምሌ ላይ ላሜራ ሠሪ ስልክ አያነሳም፤ ካነሳም ዋጋው ሌላ ነው።