የቀኝና የግራ ራዲዮ

ዕድሜዬን ሙሉ የራዲዮ ቁልፍ እየጠመዘዝሁ፣ ከአጭር ሞገድ ሁካታ መካከል የሰው ድምፅ እየለቀምሁ የኖርሁ ሰው ስሆን፣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይህ ሥርዓት ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ምሥጢሩም ለሁሉ የተገለጠ ነው» ብሎ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረውን ሊኑክስን በአሮጌው ኮምፒዩተሬ ላይ ጫነልኝ።

የጀርመን ድምፅን ራዲዮ በኢንተርኔት ልሰማበት ብል ግን፣ ነፃው ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን አልዘምርም አለ። ነገሩ ሲመረመር፣ ጣቢያው ድምፁን የሚልከው ኤም ፒ 3 በሚባለው አሠራር ኖሮ፣ ይህም በዚያ ዘመን በፈጠራ መብት የታሰረ ነበርና፣ ነፃ የሆነው ነፃ ያልሆነውን ላለመቅመስ ጾም ይዟል። (ግዝቱ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2017 የፈቃዱ ሽያጭ ሲያበቃ ነው።) ልጁም እ.ኤ.አ. በ1996 የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩትን ቪ ኤል ሲ የተባለ ማጫወቻ አመጣልኝ፤ ምልክቱ በመንገድ ሥራ ላይ የሚቆመው ብርቱካንማ ሾጣጣ በመሆኑ፣ «መንገዱ ተዘግቷል» ያለኝ መስሎኝ ሁለት ቀን ሳልነካው ሰነበትሁ።

በሦስተኛው ቀን ነካሁት፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረው የጀርመን ድምፅም ያለ አንዳች ሁካታ ጥርት ብሎ ተሰማ። ነገር ግን ኮምፒዩተር መስመሩ ይቋረጥብኛል ብሎ ስለሚሠጋ፣ ዮሴፍ በግብፅ እህሉን እንዳከማቸ፣ አስቀድሞ ጥቂት ድምፅ በጎተራ ሳያኖር አንዲት ቃል አይናገርም፤ ላኪዎቹም በየመንገዱ የየራሳቸው ጎተራ ስላላቸው፣ ዜናው እኔ ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያረጃል።

ይህን ያወቅሁት በባለቤቴ ነው። እርሷ ማድ ቤት ሆና ያንኑ ጣቢያ በትራንዚስተሯ ስትከፍት፣ አንዱ ዜና አንባቢ በቀኝ ያለውን በግራ እየደገመው፣ ቤታችን ከበሮና ጸናጽል ብቻ የጎደለው ማኅሌት ሆነ፤ ይሁን እንጂ በማኅሌት የግራው ወገን የቀኙን ሰምቶ ይቀበላል፣ የእኔው ግን ምንም እንዳልተባለ ሁሉ በአዲስ ኩራት ይጀምራል። ከሁሉ የከበደኝ፣ ዜናው ገና በእኔ ጎተራ ሳለ ከማድ ቤት የሚሰማው የእርሷ «ወይ ጉድ!» ነው።

ትናንት ማታም እንዲሁ ስትጮህ አላስችል ብሎኝ፣

«ምን አሉ? ማን ሞተ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ታገሥ» አለችኝ ወጡን እያማሰለች፤ «አሁን ይደርስሃል።»